ተጠባባቂው ኳርተርባክ ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ጥያቄ፦ «ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ከአገር ቤት ስመጣ የማውቀው የእኛን እግር ኳስ ብቻ ነበር። የአሜሪካኖቹን ፉትቦል ያስለመደኝ ልጄ ነው። አሁን እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቴሌቪዥኑን ቀድሜ የምከፍተው እኔ ሆኛለሁ። ዘንድሮ የቡድናችን ዋና ኳርተርባክ (ኳሱን የሚወረውረው መሪ ተጫዋች) ተጎዳና ተጠባባቂው ገባ። በ3 ጨዋታ 6 ኢንተርሴፕሽን (ተጋጣሚ የሚነጥቀው ውርወራ) ወረወረ። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ‹ይሄ ልጅ ሰው አይሆንም፣ ሦስተኛው ይግባ› ይላል። እኔ ‹ተጠባባቂ በረኛም ሲገባ መጀመሪያ ይደናገራል፣ ጊዜ ይሰጠው› እላለሁ። ሌላው ደግሞ ‹ገንዘብ ሞልቷቸው ለምን ሌላ አይገዙም?› ይላል። ክትፎ ተወራርደናል። ማን ነው ልክ?»

መልስ፦ ከበረኛው ልጀምር፤ ክርክራችሁ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው። ተጠባባቂ በረኛ ሳምንቱን ሙሉ ከዋናው ጋር አንድ ዓይነት ልምምድ ይሠራል። ሜዳ ሲገባ የሚጎድለው የጨዋታ ስሜት ነው እንጂ ሥራው አዲስ አይሆንበትም። የተጠባባቂ ኳርተርባክ ሳምንት ግን ሌላ ነው። የቡድኑን ልምምድ ከሞላ ጎደል የሚወስደው ዋናው ነው። ተጠባባቂው ምን ይሠራል ቢሉኝ፣ ጠላትን ሆኖ ይጫወታል።

ቀልድ አይደለም። እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደረጃ ኳርተርባክ አሠለጥናለሁ። ትልቁም ሊግ ቢሆን በዚህ ነገር ከእኛ ብዙ አይለይም። ረዳት አሰልጣኙ ትልቅ ካርድ ከፍ አድርጎ ያሳያል። ካርዱ ላይ የፊታችን እሁድ የሚገጥመን ቡድን አጨዋወት ተስሏል። ተጠባባቂው ካርዱን ያያል፣ እንደ ተጋጣሚው ኳርተርባክ ሆኖ ይወረውራል፣ የራሳችን ተከላካዮች በእሱ ላይ ይለማመዳሉ። ልጁ ሳምንቱን በሙሉ የሌላ ቡድን ጨዋታ ሲጫወት ይከርማል። የራሱን ቡድን ጨዋታ የሚያጠናው በወረቀትና በቪዲዮ ነው። ከዚያ እሁድ ዋናው ጉልበቱን ይዞ ሲወድቅ «ና ግባ» ይባላል።

ይህ ለምን ከባድ እንደሆነ የሚገባዎት አንድ ውርወራ በቅርብ ሲያዩ ነው። ሪሲቨሩ (ኳሱን የሚቀበለው ተጫዋች) 12 ያርድ፣ 11 ሜትር ገደማ፣ ሮጦ ወደ መስመሩ ዳር ሊታጠፍ ነው እንበል። ጥሩ ኳርተርባክ ሪሲቨሩ እስኪታጠፍ አይጠብቅም። ኳሱን የሚለቀው ልጁ ገና ጀርባውን ሰጥቶ እየሮጠ ሳለ ነው። ኳሱ ባዶ ቦታ ላይ ይደርሳል፣ ሪሲቨሩም እዚያው ይደርሳል። አንዱ ሪሲቨር 5 እርምጃ ረግጦ ይታጠፋል፤ ሌላው ስድስተኛዋን ሰርቆ ይጨምራል። ዋናው ኳርተርባክ ይህን በእጁ ያውቀዋል፣ ከነሐሴ ሙቀት ጀምሮ ሺህ ጊዜ ወርውሮለታላ። ተጠባባቂው አያውቀውም። ስለዚህ ዓይኑ እስኪያምን ይጠብቃል። ግማሽ ሰከንድ ይዘገያል። በዚያች ግማሽ ሰከንድ ተከላካዩ ይደርስና ኳሷን ይዞ ይነጉዳል። ደጋፊው «ምን ዓይነት እጅ ነው ያለው?» ይላል። እጁ ደህና ነው። የዘገየው ዓይኑ ነው።

ሁለተኛው ስህተታችሁ 6 ኢንተርሴፕሽን ቆጥራችሁ 6 ጥፋት ማለታችሁ ነው። ኢንተርሴፕሽን ስሙ የሚጻፈው በኳርተርባኩ ላይ ነው፤ ጥፋቱ ግን የብዙ ሰው ሊሆን ይችላል። በዚህ ታሪክ በጣም የተሳለቁበት ሰው ኔተን ፒተርማን ነው። ኖቬምበር 19 ቀን 2017 ለቡፋሎ ቢልስ ለመጀመሪያ ጊዜ ቋሚ ሆኖ ገባና በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ 5 ኢንተርሴፕሽን ወረወረ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ከ5ቱ የመጀመሪያዋ ግን የራሱ ቡድን ተጫዋች እጅ ላይ አርፋ የነጠረች ኳስ ናት። ተቀባዩ ቢይዛት ኖሮ ኢንተርሴፕሽን የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። የቀሩት 4ቱ ግን የእሱ ናቸው፣ አልከላከልለትም።

ስለዚህ በሚቀጥለው እሁድ ሪሞቱን ይያዙ። ኢንተርሴፕሽን ሲመጣ ወደ ኋላ መልሱና ኳሱ ከተነሳ ጀምሮ ቀስ ብለው ይቁጠሩ። አንድ፣ ሁለት ሳይሉ ተከላካዮቹ ልጁ ደረት ላይ ከደረሱ ችግሩ ከፊቱ ቆመው የሚከላከሉለት 5ቱ ግዙፎች ላይ ነው፤ ማንም ቢገባ ያው ነው። ሦስት ብለው፣ አራት ሊሉ ሲሉ ኳሱ አሁንም እጁ ላይ ካለ ደግሞ ወይ ሪሲቨሮቹ አልተላቀቁም ወይ እሱ አላያቸውም። ጊዜ ኖሮት፣ ክፍት ሰው ኖሮት፣ ኳሱን ሁለት ተከላካይ መሀል ከሰደደው ያን ጊዜ ባልደረባዎ ይናገር። እኔም አብሬው እናገራለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ። የቁጥር ሰንጠረዡን ብቻ አይመኑ። በ24 ነጥብ ቀድሞ ያለ ተጋጣሚ በአራተኛው ሩብ ላይ አጫጭር ኳሶችን ሆን ብሎ ይለቃል። ሰዓቱ ይሂድለት እንጂ ምን ቸገረው። ተጠባባቂው እዚያ ላይ 150 ያርድ ይሰበስብና ማታ ላይ ቁጥሩ ያማረ ይመስላል። በተቃራኒው «አሸነፈ፣ ተሸነፈ» ብሎ መቁጠርም ያሳስታል። 53 ሰው ያለበት ቡድን ነው። ተከላካይ ክፍሉ 40 ነጥብ ከተቆጠረበት ኳርተርባኩ ምን ያድርግ?

ለእርስዎ የሚቀርብ ታሪክ ላምጣ። እዚያው ሠፈራችሁ፣ ላንዶቨር ሜሪላንድ የሆነ ነው። ያኔ ሬድስኪንስ ይባል የነበረው የዋሽንግተን ቡድን፣ የአሁኑ ኮማንደርስ፣ በ2012 ድራፍት (ቡድኖች ከኮሌጅ የሚወጡ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት) ሁለት ኳርተርባክ አንድ ላይ ወሰደ። ሮበርት ግሪፈን ሦስተኛው 2ኛ ሆኖ ተመረጠ፤ ከተማው አበደለት። ከርክ ከዝንስ 102ኛ ሆኖ ተመረጠ፤ ለምን እንደተመረጠ እንኳ ብዙ ሰው አልገባውም። በ2014 ሁለተኛ ጨዋታ ላይ ግሪፈን ቁርጭምጭሚቱ ወለቀና ከዝንስ ገባ። በዚያው ቀን ጃክሰንቪልን 41 ለ10 አሸነፉ። ሳምንት ሳይሞላ ቋሚ ይሁን የሚል ጩኸት ተነሳ። በቀጣዩ ጨዋታ ፊላደልፊያ ላይ 427 ያርድ ወረወረ፤ ቢሸነፉም ሰው ወደደው።

ከዚያ ሐሙስ ማታ ጃያንትስ መጡ። 4 ኢንተርሴፕሽን፣ አንድ ከእጁ ያመለጠ ኳስ፣ 45 ለ14 ሽንፈት። ባለፈው ሳምንት «ቋሚ ይሁን» ያለው ሰው ሁሉ ተገለበጠ። እኔ ያን ማታ የገረመኝ የኢንተርሴፕሽኑ ብዛት አልነበረም። አንዱን ከወረወረ በኋላ የሚሆነው ነገር ነው ያሳሰበኝ። ትከሻው ይወርድ ነበር። ቀጣዩን ውርወራ ስህተቱን ለማካካስ የሚወረውር ይመስላል። በዚህ ጨዋታ ደግሞ ላካክስ ያለ ይጨምራል። በአሪዞናም 3 ጨመረ። ኦክቶበር 19 ቀን ቴነሲ ላንዶቨር ሲመጣ አሰልጣኙ ጄይ ግሩደን በእረፍት ሰዓት አወጣውና ሦስተኛውን፣ ኮልት ማኮይን አስገባ።

አሁን የባልደረባዎን ሐሳብ ለመመዘን ይህን ልብ ይበሉ። የማኮይ የመጀመሪያ ውርወራ 70 ያርድ ታችዳውን (ኳሱ የተጋጣሚ ሜዳ ጫፍ ደርሶ የሚቆጠር ነጥብ) ሆነ። ጨዋታውን 19 ለ17 አሸነፉ። በሳምንቱ ሰኞ ማታ ዳላስን በሜዳው በተጨማሪ ሰዓት 20 ለ17 ደገሙ። የማኮይ ስም በየመዝናኛው ተዘመረ። ከዚያስ? ግሪፈን ድኖ ተመለሰ፣ እሱም አልሆነም፣ ሦስቱም እየተፈራረቁ የውድድር ዘመኑ በ4 ድልና በ12 ሽንፈት አለቀ። ኳርተርባክ መቀያየር ቡድኑን ለሁለት ሳምንት ያነቃው ይሆናል። ከኳርተርባኩ ፊት የሚቆመውን መስመር ግን አይጠግንም።

ግሩደን በዚያ እረፍት ሰዓት ላይ ተሳስቷል ወይ? አልተሳሳተም። ልጁ አንድ ዓይነት ስህተት ለተከታታይ ሳምንታት ደግሟል፣ ከስህተቱም በኋላ መነሳት አቅቶት ነበር። ያን ሰው ማውጣት ለራሱም ምሕረት ነው። የተሳሳተው «ሰው አይሆንም» ያለው ደጋፊ ነው። ማውጣትና ተስፋ መቁረጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ እናንተ ግን ክትፎውን ያስያዛችሁት ሁለቱን አንድ አድርጋችሁ ነው።

በ2015 ኦገስት 31 ቀን ግሩደን ከዝንስን ቋሚ ብሎ ሰየመው። ከዚህ በኋላ ልምምዱ የእሱ ነው። ካርድ እያዩ ጠላትን መጫወት ቀረ። ከፊቱ የሚቆመውን መስመር ሊሠራ ቢል ካላሃን የሚባል የታወቀ አሰልጣኝ መጥቷል፤ በድራፍቱም በ5ኛ ተራ ብራንደን ሸርፍ ተወስዶለታል። እንዲህም ሆኖ በመጀመሪያዎቹ 6 ጨዋታዎች የወረወረው 6 ታችዳውንና 8 ኢንተርሴፕሽን ነበር። ቡድኑ 2 አሸንፎ 4 ተሸንፏል። ያኔ ድምፅ ቢሰጥ ኖሮ የከተማው ሰው ዘጠኝ እጁ ያስወጣው ነበር። በቀሩት 10 ጨዋታዎች 23 ታችዳውንና 3 ኢንተርሴፕሽን ወረወረ። ከወረወራቸው ኳሶች 69.8 በመቶው ተያዙ፤ በዚያ ዓመት ከሊጉ አንደኛ። ቡድኑ ምድቡን አሸንፎ ፕሌይኦፍ (ጥሎ ማለፍ) ገባ።

«እንግዲያው እኔ ልክ ነኝ፣ ጊዜ ይሰጠው ብያለሁ» እንዳይሉኝ። ጊዜ ብቻውን አላዳነውም። ሙሉ ልምምድ፣ የተሻለ መስመር፣ በአየር ላይ ያለውን ሁሉ የሚቀልብ ጆርደን ሪድ የሚባል ታይት ኤንድ (ከመስመሩ ዳር የሚነሳ ተቀባይ)፣ በ4ኛው ሽንፈት ያልተደናገጠ አሰልጣኝ፤ እነዚህ ናቸው ያዳኑት። ተጠባባቂውን አራት ሳምንት በካርድ ሲያስለማምዱት ከርመው እሁድ «ጊዜ ሰጥተነዋል» ማለት ጊዜ መስጠት አይባልም።

ሦስተኛው ይግባ የሚለውን ደግሞ እንየው። በአሜሪካ የቆየ ቀልድ አለ፤ በከተማው ውስጥ በጣም የሚወደደው ሰው ተጠባባቂው ኳርተርባክ ነው ይላሉ። ገና አልተጫወተማ! ወደ ፒተርማን ልመልስዎ። ቢልስ ያን ጊዜ 5 አሸንፈው 4 ተሸንፈው ነበር፣ ፕሌይኦፍ ተስፋ ነበራቸው። ታይሮድ ቴይለር የሚባል ጥንቁቅ ኳርተርባክ ነበራቸው፤ አያደምቅም፣ ግን ኳስ አያባክንም። አሰልቺ ነው ተባለና ተቀመጠ። የሆነውን ነግሬዎታለሁ። ጨዋታው 54 ለ24 አለቀ። ቴይለር ተመለሰ፣ ቢልስም ከ1999 የውድድር ዘመን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሌይኦፍ ገቡ። ሦስተኛው ደግሞ ገና ከኮሌጅ የመጣ ልጅ ከሆነ የበለጠ ይጠንቀቁ። ሂውስተን በ2002 በድራፍት 1ኛ የወሰደውን ዴቪድ ካርን ከተሰበረ መስመር ኋላ አቆመው። በአንድ ዓመት 76 ጊዜ ተጣለ። የተጣለ ኳርተርባክ ከመሬት ሲነሳ ዓይኑ ሜዳውን ትቶ የሚመጣበትን ሰው መፈለግ ይለምዳል። ያንን ልማድ ማስተው ከባድ ነው። ሰባተኛ ክፍል ልጅ ላይም አይቼዋለሁ።

«ለምን አይገዙም?» ላሉት ወዳጅ አጭር መልስ አለኝ። እንደ አውሮፓ ክለብ ቼክ ጽፎ ማምጣት የለም። ከ1994 ጀምሮ ለሁሉም ቡድን የደመወዝ ጣሪያ አለ። የልውውጥ ቀን ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ይዘጋል። ከዚያ በላይ ግን ቋንቋው ነው። አንድ ጨዋታ በኳርተርባኩ ጆሮ ሲነገር «ጋን ትሪፕስ ራይት፣ ቱ ጄት፣ ኤክስ ስላንት፣ ዚ ድራይቭ» ዓይነት ነገር ነው፤ ይህም አጭሩ ነው። ጨዋታውን ለማስጀመር የተሰጠው ሰዓት 15 ሰከንድ ሲቀረው የጆሮው ሬዲዮ ይቋረጣል። ከዚያ በኋላ ብቻውን ነው። በሌላ ቡድን ይኸው ጨዋታ ሌላ ስም አለው። አዲስ የመጣ ሰው የሚያውቀውን ነገር በማያውቀው ቋንቋ ሊጫወት ነው።

ይቻላል ወይ? አልፎ አልፎ። ቤከር ሜይፊልድ በ2022 ዲሴምበር ማክሰኞ ሎስ አንጀለስ ገብቶ ሐሙስ ማታ ራምስን ከራሳቸው 2 ያርድ ላይ አስነስቶ 98 ያርድ ነድቶ አሸነፈላቸው። ጆ ፍላኮ በ2023 ኖቬምበር ከቤቱ ተጠርቶ ክሊቭላንድን 4 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈላቸው። ግን ፍላኮ ቀድሞ የሱፐር ቦውል (የሊጉ ፍጻሜ) ሻምፒዮን የነበረ፣ 15 ዓመት ሊግ ውስጥ የኖረ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየኖቬምበሩ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ስልክ አይጠብቅም።

አሰልጣኙ ሊያደርገው የሚችለው ትልቁ ነገር ሌላ ነው፤ ሰውየውን ለጨዋታው ከማስገበር ጨዋታውን ለሰውየው መቀየር። ኒክ ፎልስን አይተውታል? ፊላደልፊያ በ2017 ዲሴምበር ካርሰን ዌንዝ ጉልበቱ ሲበጠስ ፎልስ ገባ። በፈረንጆቹ ገና ዕለት ከኦክላንድ ጋር አሸነፉ እንጂ ፎልስ ከወረወራቸው 38 ኳሶች ግማሾቹ ብቻ ናቸው የተያዙት፤ ሁሉም ተደምረው 163 ያርድ። በመጨረሻው ጨዋታ ዳላስ ላይ 11 ወርውሮ 4 ብቻ ተያዘለት። ያን ሳምንት ፊላደልፊያ ውስጥ «በዚህ ልጅ የትም አንደርስም» ያላለ ሰው የለም። ዋና አሰልጣኙ ዳግ ፔደርሰን ግን ራሱ ዕድሜውን በተጠባባቂነት የጨረሰ ነው። የማጥቃት ክፍሉ አሰልጣኝ ፍራንክ ራይክም እንዲሁ፤ በ1993 ጃንዋሪ ቢልስ 35 ለ3 ተቀድመው የነበረውን ጨዋታ፣ በዋናው ፋንታ የተሰለፈ ተጠባባቂ ሆኖ፣ 41 ለ38 ያስገለበጠው እሱ ነው። ሁለቱ ፎልስ የሚወደውን፣ ቶሎ አይቶ ቶሎ የሚለቅበትን አጨዋወት ፊት አመጡለት። ዌንዝ የሚወደውን ወደ ጎን ተዉት። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2018 በሱፐር ቦውል የኒው ኢንግላንዱን ቶም ብሬዲን 41 ለ33 አሸነፉ። ፎልስ 373 ያርድ ወረወረ፣ አንድ ታችዳውን ደግሞ ራሱ ተቀበለ።

ይህን ነግሬዎት የእናንተም ልጅ ፎልስ ነው ብለው ተስፋ አይጣሉበት። ፎልስ በ2013 27 ታችዳውን ወርውሮ 2 ብቻ ያስነጠቀ ሰው ነበር። ያለው ነገር ነው የወጣው። ተጠባባቂ የሆነው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ተጠባባቂ የሆነበት ምክንያት አለው። ደግሞም እኔም እርስዎም በቴሌቪዥን የማናየው ነገር አለ፤ ረቡዕ ልምምድ ላይ ምን እንደሚሠራ፣ ስብሰባ ውስጥ ምን እንደሚጠይቅ፣ ትከሻው ያመው አያመው እንደሆነ።

እንግዲህ ፍርዴ ይኸውላችሁ። የቡድናችሁን ስም አልጻፉልኝም፤ ለመልሴ ግን ለውጥ የለውም። ዋናው በ3 ወይም በ4 ሳምንት የሚመለስ ከሆነ ተጠባባቂው አይነካ። ለዚያች ጊዜ ሦስተኛውን ማስገባት አንዱን ልጅ አሳፍሮ ሌላውን ማጋለጥ ነው። ዋናው ዘንድሮ የማይመለስ ከሆነ ሙሉ ልምምድ ይሰጠው፣ የሚወዳቸው ጨዋታዎች ይመረጡለት፣ ከዚያ 4 ጨዋታ ይጠበቅ። በእነዚያ 4 ጨዋታዎች ኢንተርሴፕሽን አይቁጠሩ። የተደገመ ስህተት ይቁጠሩ። ሳምንት ሳምንት ስህተቱ እየተቀየረ ከሄደ እየተማረ ነው፣ ይቆይ። አንዱን የተከላካዮች አቀማመጥ አይቶ ያንኑ ስህተት ለአራተኛ ጊዜ ከሠራው በአምስተኛው ይቀመጥ፤ በእረፍት ሰዓትም ቢሆን።

ክትፎውን በተመለከተ፣ ባልደረባዎ የተወራረዱት «ሰው አይሆንም» ብለው ነው። ያ ደግሞ በ3 ጨዋታ አይፈረድም። ከርክ ከዝንስ በእረፍት ሰዓት ከወጣበት ቀን 1 ዓመት ከ6 ቀን በኋላ በዚያው ስታዲየም ታምፓ ቤይ 24 ለ0 ሲመራ ነበር። ከዝንስ 40 ወርውሮ 33ቱ ተያዙለት። 24 ሰከንድ ሲቀር ለጆርደን ሪድ የመጨረሻዋን ሰጠና 31 ለ30 አሸነፉ። ወደ መልበሻ ክፍል ሲገባ ጋዜጠኞቹ ላይ «ወደዳችሁት? ወደዳችሁት?» እያለ ጮኸ። በ2018 ሚኒሶታ 84 ሚሊዮን ዶላር፣ ሳንቲም ሳይቀር ዋስትና ያለው፣ ፈረመለት። ስለዚህ ውርርዱ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍ። የዘንድሮውን ክትፎ ግን «ለምን አይገዙም» ያሉት ወዳጃችሁ ይክፈሉ።